እንጀራ ትቼ የቀነስኩት ኪሎ ከነወለዱ ሲመለስ

ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ እንጀራ ልታቆሙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ የምሠራ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሁለተኛዋ ልጄ በኋላ ኪሎዬ ጨመረ። ደረጃ ስወጣ ያለከልከኛል፣ ማታ ማታ ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል። ስለዚህ መቀነስ መፈለጌ ልክ ነበር፤ አሁንም ልክ ነው እላለሁ። የጎዳኝ መንገዱ ነው። ያ መንገድ ዛሬም ከስልክ ስልክ እየዞረ ስለሆነ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ፕሮግራሙን ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ጠዋት ሎሚ በሞቀ ውሃ። ቁርስ የተቀቀለ እንቁላል። ምሳ ያለ ዘይት የተቀቀለ ጥቅል ጎመንና ካሮት። ከሰዓት አንድ ፖም። እራት ደግሞ እንቁላል ወይም ትንሽ ቱና። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ሁሉም ክልክል። ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም፣ ለማን እንደተዘጋጀም አይልም። ታናሽ እህቴ ጥር ላይ ልታገባ ስለነበር፣ እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ጀመርኩት።

መጀመሪያ ላይ ተአምር ነው የሚመስለው። ሚዛኑ በየቀኑ ይወርዳል። ቀሚሴ ሰፋ፣ ቢሮ ውስጥ «ኧረ ምን ተጠቅመሽ ነው?» የሚለኝ በዛ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ስለሆነ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ሰውነታችን ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከድንች ከሚያገኘው ስኳር የተወሰነውን ግላይኮጅን አድርጎ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይይዛል። እንጀራ ድንገት ሲቆም ያ ክምችት ያልቃል፣ ውሃውም አብሮት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠፋው ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ስብ እንዲህ በጥቂት ቀን አይቀልጥም። ከዚያ እንጀራ ስትመልሱ ውሃው ይመለሳል፣ ሚዛኑ ይጨምራል፣ «በቃ እንጀራ ነው የሚያወፍረኝ» ብላችሁ እንደገና ትተዉታላችሁ። ዓመት ሙሉ በዚህ ሲመላለሱ የማውቃቸው ሰዎች አሉ።

ረሃቡን ቻልኩት። ያልቻልኩት ማዕዱን ነው። እኛ ቤት እራት በአንድ ትሪ ነው የሚበላው። እኔ ሳህኔን ይዤ ሶፋው ጥግ እቀመጣለሁ። አንድ ማታ ትንሿ ልጄ ምስር ወጥ በትንንሽ ጣቶቿ ጠቅልላ፣ ከትሪው ተነስታ ወደ እኔ መጣች። «እማ፣ አአ በይ» አለችኝ። አይሆንም ብዬ አፌን ስዘጋባት እጇን እንደዘረጋች ቆማ ታየኛለች። ወጡ በክንዷ ላይ ወረደ። በመጨረሻ አባቷ ተነስቶ ጎረሰላት። ያን ቀን ፕሮግራሙን አልተውኩም፣ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ከልጆቼ ጋር በአንድ ትሪ ልበላው የማልችለውን ምግብ ዕድሜ ልኬን ልበላው አልችልም።

ከዚያ ኅዳር 15 መጣ፣ የነቢያት ጾም ገባ። እንቁላሉ ቀረ፣ ቱናው ቀረ። ምስርና ሽሮ ከመጀመሪያውም ክልክል ናቸው። የተረፈኝ የተቀቀለ ጎመን፣ ካሮት፣ ፖምና ሎሚ ብቻ ነው። ያንን ፕሮግራም የጻፈው ሰው የሚጾም ሰው ጨርሶ አልታየውም። እኛ ሀገር ረቡዕና አርብ አለ፣ የገና ጾም አለ፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ አጽዋማቱን አሟልቶ ለሚጾም ሰው በዓመት ከ180 ቀን ይበልጣል። በእንቁላልና በሥጋ ላይ የቆመ ፕሮግራም ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የግማሽ ዓመት ምግብ ነው። ማንኛውንም ፕሮግራም ስታዩ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፤ በጾም ምን እበላለሁ? መልስ ከሌለው እለፉት።

ታኅሣሥ ላይ ፀጉሬ በማበጠሪያ ሙሉ ይወጣ ጀመር። ባሕር ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ይበርደኛል። ሆዴ ደረቀ። የወር አበባዬ ቀረ፤ አርግዤ መስሎኝ ተመረመርኩ፣ አላረገዝኩም። በትንሽ በትልቁ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ለመምረጥ ካጎነበስኩበት ቀና ስል ዓይኔ ጨለመ። ክንዴን ይዘው ጆንያ ላይ ያስቀመጡኝ ሽንኩርት የሚሸጡት እናት ናቸው። ውሃ ሰጡኝና «ልጄ፣ እህል ቀምሰሻል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ምርመራው ደም ማነስ አሳየ። ሐኪሟ ግን በውጤቱ ብቻ አልለቀቀችኝም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደምበላ አንድ በአንድ አስዘረዘረችኝ። ስትደምረው 800 ካሎሪ አልሞላም። ከ800 ካሎሪ በታች የሆነ አመጋገብ በሐኪም ክትትል ካልሆነ እንደማይሞከር፣ ያውም ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ፀጉር የሚረግፈው ሰውነት ከተጎዳ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው አለች። ቆጥሬ ሳየው ልክ ናት። ሰውነት በቂ ምግብ ሲያጣ ስቡን ብቻ አይደለም የሚበላው፣ ጡንቻውንም ይበላል። በፍጥነት መክሳት የሐሞት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ በቂ ነው፣ ከዚያም ቢያንስ አትጨነቂ አለችኝ።

የብረት ኪኒን ተሰጠኝ። ገና መጣ፣ ጥምቀት መጣ፣ ሠርጉ መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምትገምቱት ይመስለኛል። ዶሮ ወጥ፣ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ክትፎ፣ የመልስ ድግስ። ሆዴ አይጠግብም ነበር። ጠግቤም እንኳ እጄ አይሰበሰብም። ይህ የፈቃድ ድክመት እንዳይመስላችሁ። ሰውነት ለወራት ሲራብ የረሃብ ስሜት የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጠገብኩ የሚያሰኘው ይቀንሳል። የሚያቃጥለውን ኃይልም ይቆጥባል። ድርቅ ያሳለፈ ገበሬ እህል ሲያገኝ መጀመሪያ ጎተራውን እንደሚሞላው ማለት ነው። ዘወረደ ሲገባ የቀነስኩት ኪሎ በሙሉ ተመልሶ ነበር፣ ሦስት ኪሎ ጨምሮ።

ነገሩ የተቀየረው በዚያው ሁዳዴ ነው። እናቴ ከአዴት መጥታ እኛ ጋ ሰነበተች። ጤፍ፣ ዳጉሳና ያዘጋጀችውን ሽሮ ይዛ ነው የመጣችው። ስለ አመጋገብ ምንም አልመከረችኝም። ዝም ብላ ወጥ ቤት ገባች። እኔ ግን አጠገቧ ቆሜ ሳይ፣ ሐኪሟ ያለችኝና እናቴ የምትሠራው ተገጣጠመብኝ። ሐኪሟ ያለችኝ ይህ ነው፤ ከምትበዪው ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ እንደ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር፣ አሳ ያለ፣ ቀሪው ሩብ እንጀራ ይሁን። የእናቴ የጾም ትሪ ላይ ጎመን አለ፣ ቀይ ሥር አለ፣ ክክ ወጥ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ሰላጣ አለ። የሚያስፈልገኝ ሁሉ ቤቴ ነበር። የተዛባው መጠኑና አሠራሩ ነው።

በቅድሚያ ዘይት። እኔ ወጥ ስሠራ ዘይት የማፈሰው በዓይኔ ነበር። አንድ ቀን እንደልማዴ ለማፍሰስ ስዘጋጅ በሾርባ ማንኪያ ለካሁት። ስምንት ማንኪያ ሆነ። 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ ስምንቱ ወደ 1 ሺህ ይጠጋል። እናቴ ደግሞ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ ታቁላላለች፤ ሊያርር ሲል ጠብታ ውሃ ጣል፣ እንደገና ማማሰል፣ እንደገና ጠብታ ውሃ፣ ወርቅማ እስኪሆን። ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ለቤተሰቡ በሙሉ ሦስት ማንኪያ። ቀስ ብላችሁ ካቁላላችሁት ጣዕሙ ምንም አይጎድልበትም። ልጆቼ ልዩነቱን አላወቁትም። ከሁሉ ቀድማችሁ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብትሉኝ ይህን ነው የምላችሁ፤ የዘይት ማንኪያ ከዘይቱ ጠርሙስ አጠገብ አስቀምጡ።

ሁለተኛው የእንጀራ መጠን ነው። በጋራ ትሪ ላይ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፤ ወሬው ይደራል፣ እጅ ይመላለሳል፣ ከሥር የተነጠፈውም ወጡን ጠጥቶ ይበላል። ሳህን ለይቼ መቀመጥ ስላልፈለግኩ ሌላ ዘዴ አበጀሁ። የእኔን ድርሻ እንጀራ ጠቅልዬ ፊቴ አስቀምጣለሁ። እሱ ሲያልቅ እንጀራ አልጨምርም፤ ጎመንና ምስር ግን ካማረኝ እጨምራለሁ፣ በማንኪያም ቢሆን። ከተነጠፈው አልነካም። ቀስ ብሎ መብላትም ይረዳል፣ ሆድ መጥገቡን ለማወቅ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋልና። ጉርሻ እቀበላለሁ። «በሞቴ» ብሎ የዘረጋን እጅ መመለስ ለእኔ ከአንድ ጉርሻ በላይ ይከብዳል፣ ማንም ደግሞ በአንድ ጉርሻ አልወፈረም።

እንጀራውም ዓይነት አለው። ባሕር ዳር ሱቅ የሚሸጥ እንጀራ ብዙ ጊዜ ከፎገራ የሚመጣ ሩዝ ይቀላቀልበታል። ይነጣል፣ ያምራል፣ ግን የተፈተገ ነጭ ሩዝ አሠሩ (ፋይበሩ) ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያስርባል። እኔ ከጤፍና ከዳጉሳ ቀላቅዬ ማስጋገር ጀመርኩ። መልኩ ይጠቁራል፣ ለእንግዳ አቀርበዋለሁ ወይ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ እኔ አቀርባለሁ። ዳጉሳ ከእህሎቻችን ሁሉ በካልሲየም የታወቀ ነው፣ አሠርም አለው። ምሳ ላይ የበላሁት እስከ ማታ ይይዘኛል። መጋገር የማይመቻችሁ ከሆነ የምትገዙበትን ቤት ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።

ቡና። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ትጣሉኛላችሁ። ቡናውን አልነካባችሁም፣ ስኳሩን ነው። አቦል ሁለት ማንኪያ፣ ቶና ሁለት፣ በረካ ሁለት፣ ይህ ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። አንዱ ወደ 4 ግራም ስለሚሆን 24 ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። የጠዋቱ ሻይ ገና አልተቆጠረም። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ነው የወረድኩት። አሁን የዘጌ ቡና ያለ ስኳር እጠጣለሁ፣ መዓዛውም አሁን ነው የገባኝ። ደም ማነስ ያለባችሁ ደግሞ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አታያይዙ፣ ከምግብ የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ምስር ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ከጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ጋር መብላት ግን ብረቱን ያግዛል።

ከፋሲካ በኋላ አሳ ገባ። እኛ ቤት በጾም አሳ አንበላም፣ የሚበሉ አሉ፣ ስለዚህ የማወራው ስለ ፍስክ ቀን ነው። ጣና ዳር እየኖርን አሳ ስንል የሚታየን ዘይት ውስጥ ተነክሮ የወጣ ጥብስ ነው። ቀረሶ የሚባለው አሳ በራሱ ቅባቱ ትንሽ ነው፣ 100 ግራም ጥሬ ሥጋው ወደ 20 ግራም ፕሮቲን አለው። የሚያወፍረው የገባበት ዘይት ነው። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ከታጠበ በኋላ ጎኑን በቢላ እተለትለዋለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጨውና ሎሚ ትልትሉ ውስጥ አሸዋለሁ። ድስት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በአንድ ማንኪያ ዘይት ካበሰልኩ በኋላ አሳውን አጋድሜ፣ ቃሪያ ሰንጥቄ ጣል አድርጌ እከድነዋለሁ። በራሱ ውሃ ይበስላል። ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ ደርሷል። ስትገዙ ዓይኑን እዩት፣ ጎላና ጥርት ያለ ይሁን። በጣት ስትጫኑት ሥጋው ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ ትኩስ ነው።

ለጾም ቀን ደግሞ ትልቁ ፈተና አጿጿሙ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ባዶ ሆድ ይዞ ከቢሮ ሲወጣ መንገድ ላይ ፓስቲው፣ ሳምቡሳው፣ የድንች ጥብሱ ይጠራል። ረሃብ ሲበረታ ማንም ሰው መምረጥ አይችልም። ስለዚህ ምርጫውን ጠዋት ነው የምጨርሰው። የምስር ሾርባ በፔርሙስ ይዤ እገባለሁ፣ በዘጠኝ ሰዓት መጀመሪያ እሱን እጠጣለሁ፣ ከዚያ ቤት ደርሼ በእርጋታ እበላለሁ። መሳቢያዬ ውስጥ የገብስና የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም። ቅዳሜ ገበያ ስሄድ ከመራዊ፣ ከቆጋ መስኖ የሚመጣውን ጎመንና ካሮት ለሳምንት እገዛለሁ፤ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከትፌ ካላስቀመጥኩት ግን ሐሙስ ላይ ደክሞኝ ስገባ ማካሮኒ ነው የሚሠራው። ይህን ሥራ ለብቻዬ አልችለውም ነበር። አሁን እሑድ ከሰዓት ባለቤቴ ጎመን ይቀነጥሳል፣ ትልቁ ልጄ ካሮት ይልጣል።

እርምጃ ቀላሉ ነገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲደመር 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለአዋቂ ሰው ይመከራል። በበጋ ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ ጎሕ ሲቀድ እወጣለሁ። ጣና ዳር ለዳር አድርጌ፣ በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሬ እመለሳለሁ። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፣ ነፋሱ ደስ ይላል። ብርታት ሲኖረኝ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ እወጣለሁ። ድሮ ግማሹ ላይ ነበር ትንፋሼ የሚያልቀው።

ሚዛን ላይ በየቀኑ መውጣት ተውኩ። የወር አበባ ሲቃረብ፣ ጨው የበዛበት ወጥ ሲበላ፣ ሚዛኑ ይጨምራል፣ ሰው በከንቱ ይከፋዋል። ወገቤን ነው የምለካው፣ በልብስ ሰፊ ሜትር። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ለስኳርና ለልብ በሽታ ተጋላጭነት መጨመር እንደሚጀምር ሐኪሟ ነግራኛለች። የእኔ ገና ከዚያ በላይ ነው፣ ግን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየወረደ ነው። ኪሎዬም እንደዚያው። አንዳንድ ወር ምንም አይቀንስም። ሁዳዴ አልፎ፣ ፋሲካ አልፎ፣ ክረምት አልፎ፣ ሌላ ጥምቀት መጥቶ ሲሄድ ግን አልተመለሰም። የወር አበባዬ ተስተካክሏል፣ ፀጉሬ ግንባሬ ላይ እየበቀለ ነው፣ ደሜም ሞልቷል።

የሰው አፍ ያስቸግራል፣ እሱን ልንገራችሁ። ስትከሱ «ምነው ታመምሽ?»፣ ስትወፍሩ «ተመቸሽ!» ይባላል። በተለይ ለቅሶ ቤትና ድግስ ላይ። እኔ ማስረዳት ትቻለሁ። ድግስ ከመሄዴ በፊት ቤቴ ሾርባ ጠጥቼ እሄዳለሁ፣ እዚያ ከቀረበው የምወደውን መርጬ እበላለሁ፣ ዝም ብዬ እመርቃለሁ፣ በማግስቱ ወደ ተለመደው እመለሳለሁ። በማግስቱ ግን «ትናንት አበላሽቻለሁ» ብላችሁ ጾም ውላችሁ ለማካካስ አትሞክሩ። ያ ነው መልሶ ወደ ረሃቡና ወደ መጎሰሩ የሚወስዳችሁ።

አሁን በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ውስጥ ያላችሁ፣ በአንድ ጊዜ አትውጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ምሳ ላይ ግማሽ እንጀራ ከምስር ወይም ከሽሮ ጋር መልሱ። በሚቀጥለው ሳምንት እራት ላይ ጨምሩ። ሚዛኑ አንድ ሁለት ኪሎ ቢያሳይ አትደንግጡ፣ ያ የተመለሰው ውሃ ነው። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቡ ከሆነ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ሳታማክሩ ምግብ አትቁረጡ፤ ኢንሱሊን እየወሰዱ እንጀራ ማቆም ስኳርን በድንገት ጥሎ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። የሚያዞራችሁ፣ ፀጉራችሁ የሚረግፍ፣ የወር አበባችሁ የቀረ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን አስመርምሩ። ስትሄዱ የምትበሉትን ሁሉ፣ ከጠዋቱ ሎሚ ጀምሮ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ ሳትደብቁ ስጡት።